ትንንሽ ልጆችን ይዞ ሐይቅ ዳር መውረድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው ደሴ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 4 ሊሞላው ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ሐይቅ ወደምትባለው ከተማና አጠገቧ ወዳለው ሐይቅ ይዘናቸው እንወርዳለን። ብዙውን ጊዜ ውለን እንመለሳለን፤ አንዳንዴ አንድ ሌሊት እናድራለን። ሰው ይህን ስለሚያውቅ ለመሄድ ሲያስብ ይደውልልናል። ጎረቤት፣ የሥራ ጓደኛ፣ ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶች። የሚጠይቁት ይመሳሰላል። እኛም በየስልኩ የምንመልሰውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ልጆቹ ባሕር ማየት ነው የሚፈልጉት። ሐይቅ ይበቃቸዋል?

ይበቃቸዋል። ለአራት ዓመት ልጅ ማዶው ርቆ የሚታይ ውሃ ሁሉ ባሕር ነው። የእኛው ትንሽ እስካሁን "ባሕሩ ጋ እንሂድ" ነው የሚለው። አላርመውም። የጥንት ሰውም ሐይቅን ባሕር ይል ነበር፤ ባሕር ዳር እንኳ ስሟን ያገኘችው ከጣና ነው።

ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ዙሪያውን ተራራ ከቦታል። ከፍ ብሎ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሳው አንከርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ለትልቋ ስነግራት "ታዲያ ለምን አይሞላም?" አለችኝ። ፀሐይዋ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ሰማይ እንደምታነሳው አስረዳኋት። ያን ቀን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ደመና ስትቆጥር ነበር።

እውነተኛውን ባሕር ለማየት ጅቡቲ ብንሄድስ?

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ጥሩ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ከተማ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ አብዛኛው በረሃ ነው። ድንበር አለ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ፓስፖርት ያስፈልጋል። በክረምት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ለሁለት ቀን እረፍት ብሎ ሕፃን ይዞ መሄድ ለእኔ እረፍት አይደለም። ከሄዳችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ።

በምን እንሂድ? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ አለ። ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ወደ ውሃው ባጃጅ ትይዛላችሁ። ባጃጅ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፤ የመመለሻውንም አብራችሁ ጨርሱት። ከሰዓት በኋላ የደከመ ልጅ አቅፎ ባጃጅ መፈለግ ከባድ ነው።

ከኮምቦልቻ የምትነሱ መጀመሪያ ሐረጎ የሚባለውን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ትገባላችሁ። እሱ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ቢቀየርም ባይቀየርም ደሴ ላይ አረፍ በሉ። ልጆቹ ሽንታቸውን ይሽኑ፤ እግራቸውን ያፍታቱ።

ልጄን መኪና ያጥወለውለዋል። ምን ላድርግ?

ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ አዋቂም ያዞራል። ጠዋት ወተት ጠግቦ አይውጣ። ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ ትንሽ ቀመስ ያድርግ። ፊቱን ወደ ፊት አዙራችሁ በመስኮት ሩቅ እንዲያይ አድርጉት። ስልክ አትስጡት። ስልክ የሚያይ ልጅ ቶሎ ነው የሚያስመልሰው። ፌስታል ከኪሳችሁ አይጥፋ።

መቼ መሄድ ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። ክረምቱ ወጥቷል፤ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭቃው ከልጅ ጋር አይመችም። ወሎ ውስጥ በልግም እንደሚዘንብ አትርሱ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሰማዩን አይታችሁ ውጡ።

ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ጠዋቱ ይሻላል። እኛ ከደሴ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ውሃው ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ፀሐዩም ይከርራል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ልጆቹ መቃጠላቸውን አያውቁትም፤ ማታ ነው ፊታቸው ቀልቶ የምታዩት። ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስ ያስፈልጋል።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ይህን በሄዳችሁበት ሳምንት ብቻ ነው መመለስ የሚቻለው። እኛ ከመሄዳችን በፊት ባለው ማታ በመስመሩ ለሚሠራ ሾፌር እንደውላለን፤ ጠዋትም መናኸሪያ ላይ እንደገና እንጠይቃለን። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሉን እንቀራለን። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ እናባብላቸዋለን። ከሄድንም ሳይመሽ ደሴ እንገባለን።

ልጆቹ ውሃው ውስጥ ይግቡ? ይዋኙ?

ከሁሉም የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሴ አይግቡ ነው። እግራቸውንም ቢሆን አይንከሩ። ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛው ቢልሃርዚያ ነው። በሐይቁ አካባቢ ያለ በሽታ ነው፤ የአካባቢው ተማሪዎች ላይም ተገኝቷል። ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውሃ ሲደርስ ይፈለፈላል። ከዚያ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ቁስል አይፈልግም፤ መጠጣትም አያስፈልግም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ጥልቁን አይደለም። ዳር ዳሩን፣ ቄጠማ ያለበትን፣ ፀሐይ የሞቀውን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ልጅ "እዚች ጋ ብቻ" ብሎ የሚለምናችሁ ቦታ ማለት ነው። ውሃው ንጹሕ መስሎ መታየቱ ምንም አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዳሩም በሁሉም ቦታ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም።

"ታዲያ ውሃ ሳይነኩ ምን ሊያደርጉ ነው?" ይሉናል። ድንጋይ ይወረውራሉ። ጀልባ ያያሉ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያራግፍ አጠገቡ ቆመው ይቆጥራሉ። ወፎቹ ጠልቀው የት እንደሚወጡ ይወራረዳሉ። እኛ ደግሞ ከቤት ሰፋ ያለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋና በጀሪካን የቧንቧ ውሃ ይዘን እንሄዳለን። ሳሩ ላይ እናስቀምጥላቸዋለን። ሐይቁን እያዩ በሳፋው ይንቦጫረቃሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሰው ገርሞት ያየን ነበር። አሁን ሳፋ ይዘው የሚመጡ ሌሎች ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

ሳናየው ገብቶ ቢሆንስ?

አትደንግጡ፤ መድኃኒት አለው። ወዲያው አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቁት። ይህ ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ቆዳው ቢያሳክከው፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢታይበት ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ ላይታሰብ ይችላል። ምንም ባይታይበትም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አስደርጉለት። ቶሎ ከተመረመረ እንቁላሉ ገና ስላልወጣ ላይገኝ ይችላል። ከተገኘ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል ነው፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል። ከጎረቤት ተበድራችሁ አትስጡ።

እኛው አጠገባቸው አይደለን? ምን ያሰጋል?

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አምና ሒሳብ ልከፍል ዞር አልኩ። ባለቤቴ ልጁ ከእኔ ጋር ያለ መሰላት። እኔ ከእሷ ጋር ያለ መሰለኝ። ስመለስ ትንሹ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ድምፅ አላሰማም፤ አልተጣራም። ቆሞ ውሃውን ያያል። አቅፌ ሳወጣው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። (ከሁለት ወር በኋላ አስመረመርነው፤ ነፃ ነበር።)

ልጅ ሲሰጥም እንደምናስበው አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፤ በምን ይጮሃል? ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ትልልቅ ሰዎች በበዙ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። አክስትም አጎትም አያትም ባሉበት ነው ልጅ የሚጠፋው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት አበጅተናል። ቀይ ኮፍያ አለን። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ጠባቂ ነው። ስልክ አያነሳም፣ ቡና አይጠጣም፣ ልጆቹን ብቻ ያያል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ኮፍያውን ለሌላው ያጠልቅለትና "አንተ ነህ" ይለዋል። በቃል ሳይነገር ተራ አይቀየርም። እናቴ እንኳ ስትመጣ ታጠልቀዋለች። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ ዳር ሲሆን ጠባቂው እጁን ዘርግቶ የሚይዘው ርቀት ላይ ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ከውሃ ሲወጣ ዘቅዝቆ ማራገፍ አገራችን የተለመደ ነው። አይጠቅምም፤ ጊዜ ነው የሚገድለው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ ወዲያው አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው የሚያድነው። ከመሄዳችሁ በፊት የምታውቁትን ነርስ "አሳየኝ" በሉት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ጀልባ ላይ ልጆችን ይዘን እንውጣ?

ለልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ካለ፣ አዎ። ከሌለ፣ አይሆንም። የትልቅ ሰው ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። ልክነቱን ለማወቅ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው። ጎማና ፊኛም ጃኬትን አይተካም። እኛ ለልጆቹ ልካቸውን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ቤት አስቀምጠናል።

ጠዋት ውጡ። ነፋስ ካለ ተዉት። ጀልባው ከሞላ ቀጣዩን ጠብቁ። ባለ ጀልባው "ግዴለም" ቢላችሁም እናንተ ግድ ይበላችሁ።

እስጢፋኖስ ገዳምን ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

አባትና ወንድ ልጆች መግባት ይችላሉ። ሴት አይገባም፤ ትንሽ ልጅም ብትሆን። ይህን ሳያውቁ መጥተው ደጅ ላይ የተለያዩ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ልጅቷ "እኔስ?" ብላ ስታለቅስ ማየት ልብ ይነካል። ስለዚህ ቤት እያላችሁ ንገሯት። ለእሷም የራሷን ነገር አዘጋጁላት። እኛ ቤት እኔና ትንሹ ገዳም ስንገባ ትልቋና እናቷ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ይሄዳሉ። አሁን ትልቋ የእሷን ድርሻ ትመርጣለች።

ገዳሙ ያለው ወደ ሐይቁ ገባ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትልቅ የትምህርት ቦታ አድርገውታል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ለልጅ "ይህ የጥንት ትምህርት ቤት ነው" ካላችሁት ይገባዋል። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ከትንንሽ ልጅ ጋር ሌላ ቀን ይሻላል።

ምሳ ምን እንብላ?

ዓሣ! ሐይቅ ሄዶ ሌላ ነገር መብላት ያሳዝነኛል። በብዛት የምታገኙት ቆሮሶ ነው፤ ቲላፒያ የሚባለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት ነው፤ ሐይቁን ወዶታል። አምባዛም አለ። ጥብሱ ከነሙሉው ይመጣል፤ ልጆቹ ዓይኑን አይተው ይስቃሉ። ለብለቡም ጥሩ ነው፤ ለልጅ ግን ሚጥሚጣ እንዳይገባበት ቀድማችሁ ንገሩ።

እንደ እኛ ወሎ ውስጥ ላለ ዘመድ ዓሣ ሌላም ነገር አለው። የእናቴ ወገን ሙስሊም ነው፤ የአባቴ ክርስቲያን። ሥጋ ሲሆን ማን ባረከው ተብሎ ሁለት ትሪ ይቀርባል። ዓሣ ባራኪ አይፈልግም። አንድ ትሪ ላይ ሁላችንም እንቀርባለን፤ አያቶቹ ከሁለቱም ወገን ለልጆቹ ያጎርሷቸዋል። በጾም ቀን ከሆነ ግን የሚጾሙት ዓሣ የማይበሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሽሮ አብራችሁ እዘዙ።

አጥንቱ አያስፈራም?

ያስፈራል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ራሳችሁ በጣታችሁ እየፈተፈታችሁ ስጡት። በሹካ ሳይሆን በጣት፤ ቀጭኗን አጥንት ጣት ነው የሚያገኛት። ሲበላ ይቀመጥ። እየሮጠ አይጉረስ።

ማደር ይሻላል ወይስ ውሎ መመለስ?

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ውሎ መመለስ እመርጣለሁ። ለደሴ ልጆች ማደር አንድ ተጨማሪ ነገር ያመጣል፦ ወባ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ልጆቻችን ወባ አያውቁም፤ ሰውነታቸውም አልተላመደም። ሐይቅ ዝቅ ይላል፤ ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ትንኙ ይበዛል። ኮምቦልቻ ያላችሁት ነገሩን ታውቁታላችሁ። የምታድሩ ከሆነ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ "እዚያ አለ" አትበሉ። 12 ሰዓት ሲሆን ልጆቹን ረጅም ልብስና ካልሲ አልብሳችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ቢያተኩሰው በዚያው ቀን አስመርምሩ። "ሐይቅ አድረን ነበር" ማለትን አትርሱ። ደሴ ላይ ያለ ሐኪም ጉንፋን ነው ሊል ይችላል።

ለስድስት ወር ሕፃን ይከብዳል?

በአንቀልባ ወይም በአቃፊ ጥላ ሥር ከዋለ አይከብደውም። ገና ስድስት ወር ካልሞላው ቢሞቅም ውሃ አትስጡት፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ይበቃዋል። ፊቱን በወፍራም ጨርቅ አትሸፍኑት፤ ከሥሩ ያፍነዋል። ዳይፐሩን በፌስታል ቋጥራችሁ ወደ ቤት መልሱት። እባካችሁ ሐይቁ ዳር አትጣሉ።

ምን ምን እንያዝ?

የሚጠጣ ውሃ ከምታስቡት እጥፍ። ዳቦ፣ ቆሎ ለትልልቆቹ (ለትንሹ ቆሎ አትስጡ፤ ያንቀዋል)፣ ሙዝ። ሳሙና። ሁለት ቅያሪ ልብስ ለእያንዳንዱ። ሹራብና ጋቢ፣ ምክንያቱም ስትመለሱ ደሴ ትበርዳችኋለች። ኦ አር ኤስ ሁለት ከረጢት። ሳፋውን እንዳትረሱ።

ዓሣ ገዝተን ወደ ቤት እንውሰድ?

ውሰዱ፤ ግን በመጨረሻ ግዙ። ዓይኑ ያበጠና ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ። በጣት ስትጫኑት ተመልሶ የሚነፋ ይሁን። ሆድ ዕቃውን እዚያው አስወጡት። ኮምቦልቻ ለሚደርስ ሰው መንገዱ ይረዝማል፤ ሙቀትም አለ። ጠዋት አንድ ሁለት ፕላስቲክ ውሃ አበርዳችሁ በረዶ አድርጋችሁ ይዛችሁ ከወጣችሁ ዓሣውን በዚያ ታቅፉታላችሁ። ከመኪናው ኋላ፣ ፀሐይ የማይመታው ቦታ ላይ አስቀምጡት። ማታውኑ ጥበሱት። ልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ ያንን አይጠብቁም፤ ደሴ ሳንገባ ተኝተው ነው የምናወርዳቸው።